የታጠበው ቅል

ሥርጉት ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ናጠችው። ውስጡ የፈላ ውኃ፣ የግራዋ ቅጠልና አንድ ጭብጥ ጠጠር አለ። ጠጠሩ የቅሉን ግድግዳ እየቧጠጠ ይንኳኳል። በመጀመሪያው ዙር የተደፋው ውኃ ነጭ ነበር። በሁለተኛው ደፈረሰ። በሦስተኛው የግራዋው አረንጓዴ ብቻ ወጣ። ጠራ ማለት ነው። የተቀጣጠለ የወይራ ጉማጅ በቅሉ አንገት አስገብታ አፉን በጨርቅ ወተፈችው። ጭሱ ከጨርቁ ሥር እየሾለከ ወጣ።

በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ሊያ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ይዛ ወረደች። ሊያ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ተመራማሪ ናት።

«እትዬ ሥርጉት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ግቢ ልጄ። ጨርሼልሻለሁ። ትንሽ ይታጠንና ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ሊያ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቅሉን አየች። ደጃፉ ላይ የተደፋውን ግራዋ አየች።

«አጠቡት?»

«ታዲያስ! ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ዕቃ ሳላጥብ ልስጥሽ? ምን ዓይነት ሴት ናት እንዲሉኝ ነው?»

«እኔ እኮ በስልክ ‹ቅሉን እንዳለ እወስደዋለሁ› ነው ያልኩዎት!»

«እንዳለ ነዋ! ይኸው፣ እንዳለ ውሰጂው። ቆርሼ ልስጥሽ አላልኩ።»

ሊያ «እንዳለ» ስትል እንደነበረው፣ ሳይነካ ማለቷ ነበር። ሥርጉት የሰማችው ደግሞ ሙሉውን፣ ሳይጎድል የሚለውን ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይላል።

«የምፈልገው ቅሉን አልነበረም» አለች ሊያ። «ግድግዳው ላይ የደረቀውን ነበር። ያጠቡትን።»

የካቲት ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ሁዳዴ ከገባ አምስተኛ ቀኑ።

ሥርጉት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከጎረቤላ በላይ ካለ ቀበሌ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለገብረኪዳን ተድራ ደብረ ብርሃን ገባች። ገብረኪዳን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ማሽኑ ጆሮውን ወስዶታል፤ ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲጮኹበት ይስቃል። አራት ላሞች አሏቸው። ጠባሴ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ገባ ብሎ፣ ሥርጉት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እርጎ የሸጠችበት ክፍል አለ። አምስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ቅል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ክፍል ነው። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ለመልመድም አታስብም።

ቅሉ የአማቷ ነበር። አማቷ ስትሰጣት ሦስት ነገር አዘዘቻት። ከታች አንድ ስኒ ሳታስቀሪ አትጨርሺው። አታጥኚው። ቅበላ ላይ ባዶ ሲሆን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ አለቅልቀሽ ስቀዪው። ምክንያቱን አልነገረቻትም፤ ሥርጉትም አልጠየቀችም። የጎረቤቶቿ እርጎ ወይራ ወይራ ይላል፣ የእሷ አይልም። በማንኪያ ሲያነሱት እንደ ክር ይሳባል። ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ ይዘጋል፣ ቅሉ ተገልብጦ ሃምሳ አምስት ቀን ይሰቀላል። የፋሲካ ማግስት ወተት ሲገባበት በሦስተኛው ቀን ይረጋል። ሥርጉት ይህን የቅሉ ጸባይ አድርጋ ነበር የያዘችው፤ አንዱ ድስት ቶሎ እንደሚያበስል፣ ሌላው እንደሚያሳርር።

የአማቷ ትእዛዝ ለሥራ ነው። ቅሉ ግን ከቤት ሊወጣ፣ የተማረ ሰው ሊያየው ነበር። ውስጡ ቅርፊት ሠርቷል። ስለዚህ አጠበችው።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ሊያ ከከተማው አሥራ አንድ እርጎ ቤቶች ወተትና እርጎ ወሰደች። የምትፈልገው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ነበር።

«ፋጉሎው ላይ ሻጋታ ይበቅላል» ብላ አስረዳቻት ያን ጊዜ። ፋጉሎ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው፤ የደብረ ብርሃን ላም ሁሉ እሱን ይበላል። «ሻጋታው መርዝ ያወጣል። ላሟ ትበላዋለች። ወደ ወተቷ ያልፋል።»

«አፈላዋለሁ።»

«ማፍላት አይነካውም።»

«አጠልለዋለሁ።»

«ማጥለልም።»

«ታዲያ ሰው ለምን አይሞትም?»

«ዛሬ አይሞትም። ሲቆይ ጉበት ይጎዳል። ሕፃናት ላይ ይብሳል።»

ውጤቱ የካቲት መጀመሪያ ላይ መጣ። የአሥራ አንዱም ቤት ወተት ከተፈቀደው በላይ ነበር። የሥርጉት ወተት ከመጨረሻው ሦስተኛ ወጣ። የአሥሩ ቤቶች እርጎ እንደ ወተታቸው መጥፎ ነው። የሥርጉት እርጎ ውስጥ ግን የተገኘው መርዝ ወተቱ ውስጥ ከነበረው ሢሶ አይሞላም። ሊያ ሦስት ጊዜ ለካችው። ሦስቴም ያው ነው።

«እርጎዎ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አለ» አለቻት። «መርዙን አይገድለውም፤ ይይዘዋል። ጭጎጎት ጋቢ ላይ እንደሚጣበቀው ነው። እንደተጣበቀ ከሰውነት ይወጣል።»

«ሁሉንም ይይዛል?»

«ሁሉንም አይይዝም።»

ናሙናው መርዙን ለመለካት አልቆ ነበር። ባክቴሪያውን ለይቶ ማስቀመጥ ያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

በዚያው ሳምንት ጌታሰው መጣ። ጌታሰው የከተማው የምግብ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው። ለአሥራ አንዱም ቤት ተመሳሳይ ደብዳቤ ሰጠ። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ድረስ እርጎው በሦስት ተከታታይ ምርመራ ከተፈቀደው በታች ካልሆነ ፈቃዱ አይታደስም። ሦስቱ ቤቶች ደብዳቤውን አንብበው የዚያኑ ቀን ዘጉ።

ሊያ አሁን የታጠበው ቅል ፊት ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታስባለች።

«ሌላ የለም? ስኒ ላይ የቀረ? ማንኪያ ላይ?»

«ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው። ቅበላ ዕለት አለቀ። የመጨረሻውን ስኒ የጠጣው ጌታሰው ራሱ ነው።»

«ደብዳቤውን ከሰጠዎት በኋላ?»

«‹ሥራዬን ሠርቻለሁ፣ አሁን ጠምቶኛል› አለኝ።»

ገብረኪዳን ከጓሮ ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«እርሾው!» ብላ ጮኸችበት ሥርጉት።

«እግዜር ያጥናሽ!» አለና ወደ ላሞቹ ተመለሰ።

ሥርጉት በዚያው ቀን ወተት ቅሉ ውስጥ ጨመረች። በአራተኛው ቀን ረጋ። ወይራ ወይራ ሸተተ፤ በማንኪያ ሲነሳ ተቆረሰ እንጂ አልተሳበም። ሊያ ወስዳ ለካችው። መርዙ እንዳለ ነበር፣ በሁለቱም ትርጉም።

ሥርጉት መቀመጥ አልቻለችም። ባለፉት ዓመታት እርሾ የሰጠቻቸውን ቤቶች በጣቷ ቆጠረች። ስድስት ናቸው። ስድስቱንም በሁለት ቀን አዳረሰች። የሁሉም ቅል ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ወተት የነካው ዕቃ ሳይታጠብ የሚቀርበት ቤት የለም። አንዷ ጎረቤት ቅሏን አውርዳ እያሸተተች፣ «ምን የመሰለ ንጹሕ ቅል! ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት።

«ቆሻሻ» አለች ሥርጉት።

ሰባተኛዋን ያስታወሰቻት እየተመለሰች፣ መንገድ ላይ ነው። ሁዳዴ የማትጾም ሴት።

ሀፊዛ ቆላው ውስጥ፣ አልዩ አምባ የምትኖር በርበሬ ነጋዴ ናት። ድሮ በርበሬ ይዛ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ሥርጉት ቤት ታድር ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ወተቷ አልረጋ ብሏት በሃይላንድ ጠርሙስ እርሾ ይዛ ወርዳለች። ከዚያ ጉልበቷ ታመመና መምጣቱን ተወች። ልጇ ስልክ ቀይሯል። ደውሎ መጠየቅ አልተቻለም።

«ሰባት ዓመት!» አለ ገብረኪዳን። «ሰባት ዓመት ሙሉ ያንቺን እርጎ ታቦካ ነበር? ሌላ ሥራ የላትም?»

«ሄጄ አያለሁ።»

«መንገዱ ተዘግቷል እኮ!»

«የተከፈተ ቀን።»

መንገዱ መጋቢት አራት ተከፈተ። ሊያ የበረዶ ሣጥኑንና ታሽገው የመጡ አራት ጠርሙሶችን ሰጠቻት። ትእዛዙን ስትነግራት «እንዳለ» የሚለውን ቃል አልተጠቀመችም። «አይታጠብ፣ አይታጠን፣ አይፍላ፣ ሌላ ወተት አይግባበት» አለች። ሥርጉት ደግማ አለችላት።

በሚኒባስ እስከ ጎረቤላ፣ ከዚያ በአይሱዙ ጋቢና ቁልቁል። ደብረ ብርሃን የደረበችውን ጋቢ ጎረቤላ ላይ አወለቀች፣ ከጎረቤላ በታች ሹራቧን። አልዩ አምባ ስትደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ግማሹ ቀልጧል።

ሀፊዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ስታያት ለመነሣት ሞከረች፣ ጉልበቷ እምቢ አለ።

«ሥርጉት? ወላሂ አርጅተሻል!»

«አንቺስ? ጥርስሽን የት ጣልሽው?»

«ረመዳን ነው፣ ቀን ቀን ምን ይሠራልኛል!»

ተሳሳቁ፣ ተሳሳሙ። የልጅ፣ የላም፣ የጤና ጥያቄው ካለቀ በኋላ ሥርጉት ነገሩን ከጥር ጀምራ ነገረቻት። ሀፊዛ በርበሬዋን መቀንጠስ ሳታቆም ሰማች።

«እና ሰጥተሽኝ ስታበቂ ልትወስጂ መጣሽ።»

«አልወስድም። ቀንሰሽ ስጪኝ።»

«ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው የኔ እርጎ?»

«የኔ።»

«ሰባት ዓመት ማን አበላው?»

ሥርጉት በበሩ ወደ ውስጥ አየች። «ቅሉ የት አለ?» አለች።

«የቱ ቅል? ተሰነጠቀ፣ ጣልኩት።»

ሥርጉት በርበሬው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እርሾውማ አለ» አለች ሀፊዛ። «አንቺ ኩብራ! ጀሪካኑን አምጪው!»

የልጇ ሚስት ኩብራ ሕፃን አዝላ፣ ባለአምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሥርጉት ጀሪካኑን በጣቷ ነካችው።

«ላስቲክ ውስጥ?»

«ምን አለው? ታጥቧል።»

የሥርጉት ፊት ተለወጠ። «መቼ?»

«ዘይቱ ሲያልቅ። ከስድስት ዓመት በፊት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ለምን ብዬ? አንቺ አይደለሽ አታጥቢ፣ አታጥኚ፣ ከሥሩ አስቀሪ ያልሽኝ?»

ሥርጉት ማንኪያ ጠየቀች። እርጎውን አነሣችው። ተሳበ፤ ክሩ ግን አጭር ነው፣ የእሷ ረዘም ይል ነበር። አሸተተችው። የቆላ ወተት ጠረን፣ ፍየል የሚበላው ቅጠል ጠረን አለበት። ከሥሩ የምታውቀው ነገር ያለ መሰላት፣ ግን መምሰሉ አልበቃትም። የተሳሳተ እርጎ ተሸክማ ብትመለስ ሊያ ሳምንታት ታጠፋበታለች፤ ሚያዝያ ሠላሳ ይደርሳል።

«ቅመሺዋ» አለች ሀፊዛ።

«ሁዳዴ ነው። አንቺ ቅመሺልኝ።»

«ረመዳን ነው አልኩሽ እኮ።»

ሁለቱ ሴቶች ከጀሪካኑ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ተያዩ። ሀፊዛ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወደ ኩብራ ዞረች። ኩብራ አራስ ናት፤ ከወለደች ገና አንድ ወሯ ነው፣ አትጾምም።

«አንቺ ቅመሺ።»

ኩብራ በማንኪያ ቀመሰች።

«ምን ይላል?» አለች ሥርጉት።

«ይጎመዝዛል።»

«እርጎ ነዋ! የት ላይ ነው የሚጎመዝዝሽ? ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው፣ ጉሮሮሽ ጋ?»

ኩብራ ደግማ ቀመሰች። «መጀመሪያ ምንም አይልም። ስውጠው ነው ከኋላ የሚመጣው።»

«ከዋጥሽው በኋላስ?»

«አፌ ውስጥ ይቀራል። ቅቤ እንደበላሁ ሁሉ።»

«ላንቃሽን ይይዘዋል?»

«ላንቃዬን አዎ።»

«አንዴ ድገሚ።»

«እትዬ፣ ጀሪካኑን ልጨርሰው ነው እኮ! እማዬ እየጾመች ፊቷ …»

«ቅመሺ ተብለሻል ቅመሺ» አለች ሀፊዛ። «ጡትሽ ይሞላል።»

ኩብራ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና አሰበች። «ትንሽ … ያልበሰለ ገብስ፣ እሸት ይላል። መጨረሻው ላይ።»

ሥርጉት ማንኪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የእሸቱን ነገር ለማንም ተናግራው አታውቅም። ከአማቷ ሌላ ያስተዋለውም ሰው አልነበረም።

«ነው» አለች።

ሀፊዛ ግማሹን ብቻ ሰጠቻት። ቀሪው ለማፍጠሪያ ነው፣ ከማፍጠሪያው ደግሞ አንድ ስኒ ለነገ። ሥርጉት ጠርሙሶቹን ራሷ ሞላች፣ ክዳናቸውን ራሷ አጠበቀች። እዚያው አድራ በመጀመሪያው አይሱዙ ወጣች። በረዶው አልቋል። ጎረቤላ ላይ ሣጥኑን በጋቢዋ ጠቅልላ ብርዱን ለራሷ አደረገች። ሊያ መናኸሪያ ጠበቀቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት የሊያ ነው። ከአራቱ ጠርሙሶች ዘጠኝ ዓይነት ባክቴሪያ ለየች። አንድ በአንድ መርዝ ካለበት ወተት ጋር አገናኘቻቸው። ስምንቱ ወተቱን ከማርጋት በቀር የሠሩት ነገር የለም። ዘጠነኛው መርዙን ያዘ። መጋቢት ሃያ አንድ፣ የዒድ ዕለት፣ ሊያ እርጎ ቤት መጣች።

«አለ» አለች። «ከመቶ ሃምሳ ስምንት እጁን ይይዛል።»

«ጥር ላይ ስንት ነበር?»

«ከሰባ በላይ።»

«የቀረውን ማን ወሰደው?»

«ቆላው ባክቴሪያውን ለውጦት ይሆናል። ወይ ያን ጊዜ አብሮት የሚሠራ ሌላ ነበረ፣ አሁን ጠፍቷል። አላውቅም።»

«እናንተም አላውቅም ትላላችሁ?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

ሥርጉት ሊያን ከልቧ ያመነቻት ያን ቀን ነው።

ሊያ ወረቀት ላይ አሳየቻት። ወተቱ ጥር ላይ እንደተለካው ወተት መርዛም ከሆነ፣ ባክቴሪያው ከግማሽ በላይ ይዞም የቀረው ከተፈቀደው ያልፋል። ሃምሳ ስምንቱ የሚበቃው ወተቱ ራሱ ሲሻሻል ነው። ባክቴሪያው ብቻውን አያወጣቸውም።

«እንግዲህ ከላሞቹ ነዋ» አለች ሥርጉት።

ፋጉሎው ከጓሮ፣ ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። ከታች ያሉት ከረጢቶች መሬቱን ነክተዋል። አንዱን ቀደደችው። መሐሉ ሲሰበር ጥቁር አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ፣ አቧራው ቦነነ። ሁለተኛው ያው ነው። ሦስተኛው ደህና ይመስላል፤ ሊያ «መምሰሉን አይመኑት» አለቻት። ያገኘችውን አሥራ አንድ ከረጢት ሁሉ ከግቢ አስወጥታ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው።

ገብረኪዳን ራሱን ይዞ ቆመ። «ላሞቹ ሳያጉረመርሙ የበሉትን! አንቺ ከላም ልትበልጪ ነው?»

«መርዝ ነው!»

«ምን?»

«መርዝ!»

«ምርጥ ከሆነ ለምን ትቀብሪዋለሽ?»

ከመሬት ክንድ ከፍ ያለ ቆጥ አሠራች። አዲሱን ፋጉሎ ከአንድ ሳምንት በላይ አትገዛም። ማክሰኞ ማክሰኞ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ዝናብ ካለ አታበላም፣ ድርቆሽና ፍሩሽካ ትሰጣለች። ወተቱ ቀነሰ። ወተቱ ውስጥ ያለው መርዝ ከዚያ የበለጠ ቀነሰ። የሀፊዛን እርሾ በአዲስ ቅል አሳደረችው፤ ያልታጠነ ቅል ለማግኘት ከመንደር መንደር ዞራለች።

ፋሲካ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ዋለ። በአሥራ አምስት የመጀመሪያው ምርመራ ተደረገ። እርጎው አለፈ። በአሥራ ስምንት ሁለተኛው አለፈ። በሃያ አንድ ሦስተኛው ወደቀ።

ጌታሰው ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቶ ሰጣት። «አዝናለሁ፣ እትዬ። ሦስት ተከታታይ ነው የሚለው።»

«ስንት ቀን አለኝ?»

«ዘጠኝ።»

«እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።»

«መብትዎ ነው።»

ከእሱ ጋር አልተከራከረችም። ወደ በረት ሄደች። አራቱን ላሞች አየች፣ ግርግሙን በእጇ ዳሰሰች። ከላሞቹ አንዷ፣ የቦራ ግርግም ሥር ጥቁር አረንጓዴ ፍርፋሪ አገኘች። ይዛው ወደ ቤት ገባችና ገብረኪዳን ፊት እጇን ዘረጋች።

ገብረኪዳን አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ተናገረ።

«ያን ጊዜ ሳታዪኝ አንድ ከረጢት አስቀርቼ ነበር። ሰሞኑን ቦራ አኩርፋ ድርቆሽ አልበላም አለች። አሳዘነችኝ።»

«ለሌሎቹስ?»

«ለእሷ ብቻ። ሌሎቹ አላኮረፉም።»

ሥርጉት ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ከዚያ የነገራት ነገር ገባት። አንድ ላም ብቻ ናት። የሦስቱ ወተት ንጹሕ ነው።

«ከረጢቱ የት አለ?»

«አልጋ ሥር።»

ከረጢቱን ጎትታ አወጣችው። የቦራን ወተት ለብቻ አለበች፣ ለብቻ ደፋች፤ በየቀኑ፣ ገብረኪዳን እያየ። ከተበከለው እርጎ እርሾ አልወሰደችም። ሊያ ከላብራቶሪው ዘጠነኛውን ባክቴሪያ ከሌሎቹ ስምንት ጋር ቀላቅላ በጠርሙስ አመጣችላት። ቅሉን ምድጃ አጠገብ አድርጋ፣ ብርዱ እንዳያዘገየው በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለለችው።

ሚያዝያ ሃያ አራት አለፈ። ሃያ ሰባት አለፈ። በሠላሳ ጌታሰው ራሱ መጣ። ሊያ ሣጥኗን ይዛ ከኋላው ነበረች። ውጤቱን ጠዋት አውቃዋለች፣ ግን መናገር የእሱ ሥራ ነው። ገብረኪዳን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ከንፈር ያያል።

«ሦስተኛው አልፏል» አለ ጌታሰው።

«ምን አለ?» አለ ገብረኪዳን።

ሥርጉት ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከተፈቀደው በጥቂት ብቻ ያነሰ ነው። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችውና ላሞቹን ልታልብ ወጣች።

ፈቃዱ ለስድስት ወር ታደሰ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአንድ ዓመት። ከአሥራ አንዱ እርጎ ቤቶች ዛሬ ክፍት የሆኑት አምስት ናቸው።